ከገጀራው ኋላ

አያ ታረቀኝ የአበባ ቤቴን በር በእግሩ በርግዶ ገባ። በአንድ እጁ ገጀራ፣ በሌላው አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ማሽላ ጨብጧል።

«ጎተራዬን በሻጋታሽ ጨረሽው!» ብሎ ማሽላውን ፊቴ ላይ በተነው።

አጎቴ ነው። ባምባሲ ዳር ያለው መሬት የእሱ፣ በላዩ ያለው የፕላስቲክ ቤትና ውስጡ የማለማው ጽጌረዳ የእኔ። አሶሳ ውስጥ ያለ እኔ አበባ የደመቀ ሠርግ ካለ ያሳዩኝ። ክረምቱ ሲጠነክር ግን ግራጫ ሻጋታ እንቡጡን ያበሰብሰዋል። እሱን የሚያጠፋ ሌላ ሻጋታ አለ፤ ትሪኮደርማ ይባላል። ማንም አላስተማረኝም፤ ከስልኬ አንብቤ፣ ደጋግሜ አበላሽቼ፣ በተቀቀለ ማሽላ ላይ በጠርሙስ አራባሁት። አረንጓዴ ነው። አያ ታረቀኝ ጠርሙሶቹን አይቷቸው ነበር፤ ጎተራው ሲሻግትበት ከእኔ ጠርሙስ የወጣ መስሎት እኔን ያዘ።

«ጎተራህ ያፈሳል፣ አያ! ክዳኑን ጠግን!»

«ሻጋታ እያረባሽ ደግሞ ትመልሺልኛለሽ?»

ከበሩ ጀምሮ ጽጌረዳውን በገጀራው ከጉልበት በታች እየቆረጠ ይጥለው ጀመር። ክንዱን ስይዘው በክርኑ አፌን መታኝ። ጥርሴ ተነቃነቀ፤ ደሜን ዋጥኩ።

መሬት ላይ ተዘርሬ ጉቶዎቹን አየሁ። ሥራቸው አልተነካም፤ ጽጌረዳ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ግን ግራጫው ሻጋታ የሚገባው በትኩስ ቁስል ነው፤ ከገባ እስከ ሥር ያደርቀዋል። ጠዋት ትሪኮደርማ በጥብጬ የሞላሁትን መርጫ አዘልኩ።

እሱ ይቆርጣል፤ እኔ ከኋላው ቁስሉን እረጫለሁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቁረጥ እንጂ! ለመግረዝ ሰው ልቀጥር ነበር፣ አንተ በነፃ መጣህልኝ!»

ዞሮ በገጀራው ጀርባ ቀኝ እጄን መታኝ። ጣቴ ቀጭ ሲል ሰማሁት። የመርጫውን ዘንግ በግራዬ ያዝኩ። በእርግጫ ጣለኝ፤ ተነሣሁ። እየጮኽኩም ረጨሁ።

ሁሉንም ቆርጦ ሲጨርስ ላቡ እየተንጠባጠበ ቆመ። ከዚያ ገጀራውን ጣለና አንዱን ጉቶ ከነሥሩ ሊነቅል በሁለት እጁ ሳበው። አፈሩ ሲሰነጠቅ የመርጫውን የብረት ዘንግ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፍኩት። በጉልበቱ ወደቀ። ገጀራውን ቀድሜ አነሣሁት።

«ሥሩን ከነካህ እጅህን እቆርጠዋለሁ፣ አያ! ማርያምን!»

ከጆሮው ደም ይወርዳል። ፊቴን አላየም፤ ስለቱን አየ። እየተንፏቀቀ ወጣና ደጅ ላይ «ገደለችኝ! ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። የጎረቤት ሰው ሲሮጥ ይሰማኛል።

በሩን ከውስጥ በሽቦ አሰርኩት። ገና ያልተረጨ አንድ የጽጌረዳ መደብ ቀርቶኝ ነበር።