በቀኝ በኩል የምትመታ ልብ

አርዲስ ኒዬሚ በዱሉት ከተማ ወደብ በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ የጀልባ ሸራ ስትሰፋ ኖራ፣ አርባ ሲሞላት የራሷን ሱቅ ልትከፍት ወጣች። ስትወጣ ፋብሪካው ይከፍልላት የነበረው የጤና መድንም እዚያው ቀረ። ለብቻዋ ልትገባ አንድ የመድን ድርጅት ብትጠይቅ፣ «መጀመሪያ ይመርመሩ» አሏት። አልከፋትም፤ ከጉንፋን በቀር በሽታ አታውቅም።

ዶክተር ሉንድ ማዳመጫውን ግራ ደረቷ ላይ አሳርፎ አዳመጠ። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። እጁን ወደ ቀኝ ሲያሻግር ፊቱ ተለወጠ።

«ምን አገኙ?»

«ቆዪ፣ ራጅ ተነሺ።»

ራጁን መብራቱ ላይ ሲሰቅለው አርዲስ ጠጋ ብላ አየች።

«ገልብጠው ሰቅለውት እንዳይሆን፣ ዶክተር?»

«እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አስደግሜ ነው ያስነሳሁት።»

ልቧ በቀኝ፣ ጉበቷ በግራ፣ ጨጓራዋም ወዲያ ማዶ። መስታወት ውስጥ እንዳለ ሰው ሁሉም ተገልብጧል፤ ግን አንዱ ካንዱ ሳይጋፋ በየቦታው ተሰድሯል።

«በሽታ ነው?»

«አይደለም። ስትፈጠሪ ነው እንዲህ የተሠራሽው። ስንት ዘመን አክሜ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።» ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው።

ከሳምንታት በኋላ ከድርጅቱ ተደወለ።

«ልብ፣ ጉበትና ጨጓራን የሚመለከት ሕክምና አንሸፍንም» አለ ሰውየው። «ከውሉ በፊት የነበረ ችግር ነው።»

«ታምሜ አላውቅም እኮ።»

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

«እናቴ ሆድ ውስጥ።»

«እንግዲያው ከውሉ በፊት ነው።» እያሾፈ አልነበረም።

«ታዲያ ምን ተረፈኝ?»

«እጅና እግርዎ አለ። ጆሮዎም።»

ዶክተሩ ቢከራከርላትም ንቅንቅ አላሉም። አርዲስ ተናደደች፤ ግን ያ የራጅ ምስል ትዝ ባላት ቁጥር ንዴቷ ይበርዳል።

እሑድ ለእናቷ ለሄልሚ ነገረቻት። አሮጊቷ ብዙም አልደነገጠችም። እጇን ዘርግታ፣ ሳትፈልግ ሳታስስ፣ በልጇ ቀኝ ደረት ላይ አሳረፈችው።

«ሕፃን ሳለሽ ተኝተሽ፣ መተንፈስሽን ስጠራጠር እዚህ ነበር የምዳስስሽ። የሰው ሁሉ ልብ እዚህ ይመስለኝ ነበር።»

«የራስሽስ፣ እማ?»

«የራሴን ማን ዳስሶ ያውቃል፣ ልጄ? ከአንቺ ሌላ አልወለድኩ፣ ከማን ጋር ላመሳክር?»

አርዲስ የእናቷን እጅ አየች። ሐኪሞቹ በመሣሪያ የደረሱበትን ይህች እጅ አርባ ዓመት ስታውቀው ኖራለች።

ሱቁን ከፈተች፤ እጅ፣ እግሯና ጆሮዋ ብቻ መድን ገብቶላቸው ዓመታት ሠራች። ደግነቱ አልታመመችም። በኋላ መድን ሰጪዎች ሰውን በቀድሞ ሕመሙ እንዳይከለክሉ የሚያዝ ሕግ ወጣ። አዲስ ውል ልትገባ ስትደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ዕድሜዋን፣ አድራሻዋንና ትንባሆ ታጨስ እንደሆን ጠየቀቻት። አርዲስ ጠበቀች።

«ሌላ አይጠይቁኝም?»

«ሌላ የለም፣ ወይዘሮ ኒዬሚ። ገብተዋል።»

ስልኩን ዘጋች። ከሩቅ ከተማ፣ ከማታውቃቸው ሕግ አውጪዎች እጅ የወጣ አንድ ቃል እዚህች ጠባብ ሱቅ ድረስ መጥቶ እሷን ማግኘቱ ገርሟት፣ ሸራውን ጉልበቷ ላይ እንደዘረጋች ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች።