የዓሊዩ ኩሬ

ኩሬው ዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለብሷል፤ ከዳሩ ወደ ውሃው የወረደው ገመድ ግን ንጹሕ ነው። መይሙና ከመሰላ ከተማ በላይ ባለው ማሳዋ ጫፍ፣ ረጅሙን መንሽ ተደግፋ ይህን ጉድ ታያለች። ዝልግልጉ አልጌ ድንጋዩን ይዟል፣ ኩሬው ውስጥ የተነጠፈውን ላስቲክ ይዟል። የገመዱ ቋጠሮዎች ብቻ እጅ ሲመላለስባቸው እንደከረመ ሁሉ ጸድተዋል።

ማን ነክቶት! ባሏ ዓሊዩ አምና ክረምት ላስቲኩ አንሸራቶት ሲሰምጥ፣ የሚወረወርለት ነገር አልነበረም። ቀይ ሻሿን ከራሷ ፈትታ ዘረጋችለት፤ ክንድ ያህል አጠረ። ስትንጠራራም ከእጇ አመለጠ። ሬሳው ወጣ፣ ሻሹ አልተገኘም። ገመዱን ወንድሙ አብዱናስር፣ ሰው ቢወድቅ እንዲይዘው ብሎ የሰቀለው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ገመዱ ዝር ያለ ሰው የለም።

ዛሬ ግን ግድ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ፍየሏ ከዚህ ውሃ ጠጥታ ሞተች። አብዱናስር ነገ ሰው ይዞ መጥቶ ኩሬውን በአፈር ሊሞላው ነው። ኩሬው ከተደፈነ ጫቱም ይደርቃል፣ ላሟም ትሸጣለች፤ ዓሊዩ በእጁ የቆፈረው ነገርም ያልቃል። ሕይወት የምትባለው የግብርና ባለሙያ ግን «ፍግ የሚያስገባውን ጎርፍ በቦይ አዙሪው፣ አልጌውን ግፈፊው። እስኪጠራ ብቻ ላሟን አታጠጫት» ብላታለች።

«ቢስሚላህ» ብላ መንሹን ሰደደች። አልጌው እንደ ወተት ስልባቦት እየተጠቀለለ ወጣ፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ተገለጠ። ከሰዓት በኋላ የቀረው ገመዱ የገባበት ጥግ ብቻ ነበር። እዚያ ስትደርስ፣ ነፋስ ሳይኖር ገመዱ ተወጠረ።

«ተይው፣ በአላህ!» አለ አብዱናስር ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ።

መንሹን ጣለች። ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳበችው። መጀመሪያ ከበደ፣ ከዚያ እሺ ብሎ መጣ። ጫፉ ላይ ቀይ ሻሿ ተቋጥሯል።

«አንተ ነህ ያሰርከው?»

«ምኑን? ወላሂ፣ እኔ ገመዱን ብቻ ነው የሰቀልኩት!»

ቋጠሮውን አገላበጠችው። ዓሊዩ ለሂርና ገበያ ጫት ሲያስር፣ በግራ እጁ አዙሮ ይቋጥረው የነበረው ቋጠሮ ነው። ሻሹ ከገመዱ ጋር ተቀጥሎ አሁን አያጥርም። ዕንባዋ ወረደ።

«ኩሬው አይደፈንም» አለች።

ሻሹን ሳትፈታ ገመዱን ወደ ውሃው መለሰችው፤ የላይኛውን ጫፍ ግን ከእጇ አልለቀቀችም። ትንሽ ቆይቶ ከታች ቀስ ብሎ ተወጠረ።