የሕሙማኑ ገንዘብ

ኻሊዳና ለይላ የተዋወቁት ከናይሮቢ ወደ ካምፓላ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንዷ የጅማ ልጅ፣ ሌላዋ የወሎ። ካምፓላ ውስጥ ኪሱጉ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ኖሩ። ኻሊዳ የሴቶች ልብስ ትሸጣለች፤ ለይላ ትንሽ ሱቅ ነበራት። አገር ቤት ያለው ዘመድ እየተረሳ ሲሄድ አንዷ ለአንዷ እናትም እህትም ሆኑ።

በአካባቢው ያሉ ኢትዮጵያውያን ማኅበር አቋቁመው ለታመመ ሰው መርጃ በየወሩ ያዋጣሉ። ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ስላልነበረው ገንዘቡ የሚቀመጠው በለይላ የስልክ ሒሳብ፣ በሞባይል መኒ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ ሆና የተመረጠችው ኻሊዳ ነበረች። ጓደኛዋን ግን አንድም ቀን “እስቲ አሳዪኝ” ብላት አታውቅም።

ወይዘሮ ደመቀች የሐሞት ጠጠር ታመው ንሳምብያ ሆስፒታል ለኦፕራሲዮን ሲቀጠሩ፣ ማኅበሩ ወጪውን ሊከፍል ወሰነ። ለይላ መጀመሪያ “ኔትወርክ የለም” አለች። ከዚያ “ስልኬ ተበላሽቷል” አለች። ቀጠሮው አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ኻሊዳ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ሴትዮዋን ጎናቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው አገኘቻቸው።

“ልጄ፣ ያስቀየምኩት ሰው አለ እንዴ?” አሏት።

ኻሊዳ ቤት ገብታ ለይላን ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

“ሃሩንን ሊቢያ ውስጥ ደላሎች ይዘውታል” አለች ለይላ። ሃሩን ታናሽ ወንድሟ ነው። “ሲደበድቡት በስልክ አሰሙኝ። ያለኝን ላክሁ፣ አልበቃቸውም። የማኅበሩንም ጨመርኩበት።”

“ለእኔ እንኳን ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርሽ አትፈቅጂልኝም ነበር።”

እውነቷን ነበር። ኻሊዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

“እሁድ ስብሰባው ላይ ራስሽ ተናገሪ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።”

“ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ሱቁን ሸጬ እተካዋለሁ።”

“ሴትዮዋስ?”

ለይላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሁድ ኪቡሊ ሰፈር ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ ሐጂ ሙሐመድዘይን የወይዘሮ ደመቀችን ጉዳይ ሲያነሱ ለይላ ብድግ ብላ “በዚህ ሳምንት ይከፈላል” አለችና ኻሊዳን አየቻት። ኻሊዳ ተነሣች።

“አይከፈልም። ገንዘቡ የለም። ለይላ ለወንድሟ ማስለቀቂያ ልካዋለች። ተቆጣጣሪ ተብዬ ሳለሁ አንድ ቀን አላየሁትም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው።”

ለይላ አላለቀሰችም፣ አልካደችም። ሻርፗን አስተካክላ ወጣች።

ሰው እዚያው እንደገና አዋጥቶ ወይዘሮ ደመቀች ታከሙ። ለይላ ሱቋን ሸጣ የጎደለውን ግማሹን ተካችና ወደ ጁባ ሄደች። ኻሊዳ ከሥራ ስትመለስ የለይላ ሻንጣ ከአልጋው ሥር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እሷ ስትገባ ወሬ ያቋርጡ ጀመር። የጓደኛዋን ገመና አደባባይ አወጣች ተባለ። ሐጂም አንድ ቀን ልብስ የምትሸጥበት ድረስ መጥተው፣ “መናገርሽ ደግ ነው፤ ግን ለእኔ በጓዳ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር” አሏት።

“በጓዳ ብነግርዎት በጓዳ ይቀር ነበር፣ ሐጂ።”

ሐጂ ደህና ዋዪ ብለዋት ሄዱ።

በመንገዱ ዳር ሮሌክስ፣ በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ የሚሸጠው ሰው እንደ ወትሮው ሳይጠይቅ ሁለት ይጠቀልልላት ነበር። አንድ ብቻ ይበቃኛል ማለት ከበዳት። ሁለቱንም ከፍላ ትወስዳለች፤ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ይቀዘቅዛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ሳለች ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

“ኻሊዳ ነሽ? ሃሩን ነኝ። የለይላ ስልክ አልሠራ አለኝ።”

ድምፁ እህቱን ይመስላል። “ደህና ነህ?”

“ለቀውኛል፣ አልሐምዱሊላህ። እህቴ ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት አመጣችው? ስጠይቃት አትነግረኝም ነበር።”

ሱቋን ሸጣ ነው ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ግማሽ እውነት ነው።

“ለታመሙ ሰዎች የተዋጣ ነው፣ ሃሩን። የሕዝብ ነው። እሷ ላይ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።”

የዘጋባት መስሏት ስልኩን አየችው።

“በእኔ ምክንያት የሞተ ሰው አለ?”

“የለም። ሴትዮዋ ድነዋል።”

“ሥራ ሳገኝ እልካለሁ። ላንቺ ልላክ?”

“ለእኔ አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብ አሁን ባንክ ነው ያለው፤ ሦስት ሰው ካልፈረመ አይወጣም። ቁጥሩን እጽፍልሃለሁ።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ለይላን ካገኘሃት…” አለች።

“ምን ልበላት?”

“ክፍላችንን አልለቀቅኩም በላት።”

ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ ደንበኛ መጣች። ኻሊዳ ተነሥታ የጠየቀችውን ቀሚስ አወረደችላት።