አሥራ ሰባት ቁጥር ባጅ

ፊሽካው ሦስቴ ሲነፋ እናትየው ማድረቂያ ክፍሉ ውስጥ እርጥብ ጃኬቶችን እያሰጣች ነበር። ሦስት ፊሽካ ማለት ሰው ጠፋ ማለት ነው።

"ብዬ ነበር! ዛሬ አንድ ነገር ሳይሆን አይመሽም ብዬ ነበር!" አለች ለብቻዋ። በየቀኑ የምትለው ይህንኑ ነው።

የጀልባ ማቆሚያው ከማድረቂያ ክፍሉ መስኮት ሥር ስለሆነ ሁሉም ይታያል፣ ይሰማል። ልጇ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ሐይቁ ዳር ባለው በዚህ የስፖርትና የመዝናኛ ማዕከል ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ ጀልባ አጣቢ ሆና ጀምራ፣ አሠልጣኝ ሆና፣ አሁን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናት። አለቃዋ ጡረታ ወጥቷል። ወንበሩ ይገባት እንደሆነ ለማየት ሁለት ገምጋሚዎች፣ አንድ ወጣትና አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ከጠዋት ጀምሮ እግር በእግር ይከተሏታል።

ሐይቅ ላይ የሚወጣ ሁሉ ከሰሌዳው ቁጥር ያለው የብረት ባጅ ያነሣል፤ ሲመለስ ይሰቅላል። በመዝጊያ ሰዓት አንድ ባጅ ከጎደለ ሰው ውኃ ውስጥ ቀርቷል ተብሎ ይፈለጋል። አሥራ ሰባት ቁጥር የለም።

"ተማሪዎቼ ሙሉ ናቸው እኮ፤ ሁለቴ ቆጠርኳቸው" አለ ተማሪዎቹን ለቀዘፋ ያመጣው መምህር።

"እቱ፣ ባጇ ሐይቅ ገብታ ይሆናላ! በእንግዳ ፊት አታዋርጂን" አለ የማዕከሉ ጀልበኛ።

"እስኪገኝ ድረስ ባጅ ሳይሆን ሰው ነው የጠፋው። ጀልባዎቹን አውጡ! ጠላቂ ዋናተኛው ይልበስ!" አለች ልጅቷ።

እናትየው የመጨረሻውን ጃኬት አነሣች። የልጇ ነው፤ ጠዋት ገምጋሚዎቹ ሳይመጡ ነፋሱን ልታይ ብቻዋን ቀዝፋ በስብሳ የመጣችበት። እንደ ልማዷ ኪሱን ፈተሸች። ቀዝቃዛ ብረት ነካች። አሥራ ሰባት።

"ወይ ልጄን! በገዛ እጇ!"

ጉድ ፈላ። ብትናገር የልጇ ስምንት ዓመት ገደል መግባቱ ነው። ዝም ብትል ጠላቂው በዚያ ብርድ ሊገባ ነው። ደረጃውን በሩጫ ወረደችና ከሐይቁ ዳር ድንጋዮች አጠገብ ጎንበስ ብላ ቀና አለች።

"ተገኘ! ድንጋይ ሥር ወድቆ!"

ጠላቂው እስከ ደረቱ ገብቶ ነበር፤ ቆመ። መምህሩ ዞሮ ተማሪዎቹ ላይ አፈጠጠ። "ማነው የጣለው? ስታስጨንቁን ዋላችሁ!"

ልጇ ባጁን ተቀበለች። ገለባበጠችው። ከሰማያዊ ጃኬቷ የወጣ ጉንጉን ክር ማንጠልጠያው ላይ ተጠምጥሟል።

"እማዬ… ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበር፣ አይደል?"

እናትየው መሬት መሬት አየች።

ልጅቷ አንድ ረጅም ፊሽካ ነፋች፤ ጀልባዎቹ ዞሩ። "ልጆቹን ተዋቸው" አለች መምህሩን። "የረሳሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ወጥቼ ሳልሰቅለው ቀረሁ።" የአደጋ መዝገቡን አስመጥታ በእንግዶቹ ፊት ጻፈችው።

ወጣቱ ገምጋሚ በቅሬታ ራሱን ነቀነቀ። ሴትዮዋ ግን መዝገቡን አንብበው "ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር?" አሏት።

"እናቴ። ዕድሜ ልኳን ሳትተኛ ትቀር ነበር።"

ሴትዮዋ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። "ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰሌዳውን ያየ ሰው የለም። ከነገ ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ይታይ። ስድስት ወር በተጠባባቂነት ትመሪያለሽ፤ ከዚያ እናያለን።"

ጀልበኛው አጨበጨበ። እናትየው ግን እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

"ስድስት ወር! በስድስት ወር ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል!"