ለሰደቃ የተሰጠው በግ

ሰኞ ጠዋት፣ ልደታ ባለው የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የእንስሳት ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ኃላፊው ዶክተር ተስፋሚካኤል፣ እንስሳቱን የሚንከባከበው ሙደሲር፣ እና እሱ ለእናቱ ለቅሶ ወሎ በሄደበት ጊዜ ቦታውን ሸፍኖ የቆየው ጂራታ። በጉ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሟል። ጂራታ ጉልበቱን ጎድኑ ላይ ተክሎ እግሮቹን በገመድ ይጠፍራል። በጉ በተራገጠ ቁጥር ሆዱን በቡጢ ይለዋል።

"ኧረ ቀስ በል፣ ነፍስ እኮ ነው!" አለ ሙደሲር። ሥራ የገባው ገና አሁን ነው፤ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

"ደህና መጣህ፣ ሼኪው! ጋሼን ልንሸኘው ነው፣" አለ ጂራታ እያለከለከ።

ጋሼ ያለው በጉን ነው። አረማመዱ የተከበረ ሽማግሌ ስለሚመስል ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው። እዚህ ቤት የሚኖረው ለደሙ ነው፤ ከአንገቱ በመርፌ የሚቀዳው ደም ተሕዋስያን ማሳደጊያ ይሠራበታል። ከሌላ በግ ከጓደኛው ጋር በፈረቃ ነበር ደማቸው የሚቀዳው። አሁን የጓደኛው ጉረኖ ባዶ ነው።

"ጓደኛውስ?" አለ ሙደሲር።

"ሞተ። ነፍስ ይማር፣" አለ ጂራታ፤ ሳቀ።

ዶክተሩ አልሳቀም። ሙደሲርን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

"ስማኝ። የእንስሳት አያያዝ የምትቆጣጠር ሴት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እየመጣች ነው። ሰንጋ ተራ ደርሳለች አሉኝ። ይህ በግ አርጅቷል፣ አያስፈልገንም። ለእናትህ ሰደቃ ማውጣት አቅቶህ እንደተመለስክ ሰምቻለሁ። ውሰደው። እዚሁ በእጅህ እረደውና ጌጃ ሰፈር አድርሰህ ሰው አብላበት።"

 የሙደሲርን እናት ቀብረው ሲመለሱ ለቀስተኛው ቆሎ ቆርጥሞ ነበር የተበተነው። አጎቱ በሰው ፊት፣ "የአዲስ አበባው ልጅሽ ባዶ እጁን መጣልሽ" ብለው ለሟች ነገሯት። ያች ቃል እስከ ደሴ፣ ከደሴም እስከ አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ አብራው ተቀምጣ መጣች።

"አላህ ይስጥዎ፣ ዶክተር። ውለታዎን አልረሳም።"

"በቋሚነት የመቀጠርህም ጉዳይ እኔ ጋ ነው ያለው። ሂድ፣ ቶሎ በል።"

ጂራታ ቢላውን አቀበለው። "በአንተ እጅ ከታረደ እኔ አልቀምሰውም፤ እየው፣ ምቀኝነት እንኳ የለብኝም!"

ሙደሲር የበጉን ፊት ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ አዞረ። ቢላውን እንዳያይበት ከጀርባው ደብቆ ተንበረከከ። በግራ እጁ አገጩን ቀና አድርጎ አንገቱን ዳበሰ። ቢስሚላህ ሊል ከንፈሩን ከፈተ። ጣቶቹ ጸጉሩ ውስጥ ገቡ። ከዚያም ቆዳው ውስጥ ገቡ።

በጉ የሰው በሚመስል ድምፅ ጮኸ። ደም የቀላቀለ መግል በሙደሲር አንጓ ላይ ወረደ፤ ሽታው አፍንጫውን መታው። ጸጉሩን ገለጥ አደረገ። ከአገጩ ሥር እስከ ደረቱ ድረስ ቆዳው በመርፌ ተበሳስቶ፣ አብጦና ጠቁሮ በስብሷል።

"ጂራታ፣ ምን አድርገኸው ነው?"

"የሁለቱን ደም ከአንዱ አምጣ ሲሉኝ ምን ላድርግ? ከራሴ ልቅዳላቸው?"

"እዚያው ላይ ቁረጠው!" አለ ዶክተሩ ከበሩ ላይ። "ቢላው ካለፈበት በኋላ ማንም አይለየውም።"

ሙደሲር ቀና ብሎ አየው። ለካ ለዚህ ነው።

"ለእናቴ ነው ያሉኝ እኮ።"

"ለእናትህ ነው።"

"የእናቴን ስም የመግል መሸፈኛ አደረጉት?" ቢላውን ወደ ጥግ ወረወረው። "አላርድም።"

"እሱ ካላረደ እኔ አለሁ!" ጂራታ ተስፈንጥሮ ቢላውን አነሳና በጉ ላይ ወደቀ። ሙደሲር የጂራታን አንገት ከኋላ አንቆ ጎተተው። ተያይዘው ተንከባለሉ። ጂራታ በክርኑ አፉን ሲለው ሙደሲር የጥርሱን መሰበር በጆሮው ሰማ። ግን አልለቀቀም። የቢላውን ስለት በመዳፉ ጨብጦ ነበር፤ ጂራታ ሲመነጭቀው መዳፉ እስከ አጥንቱ ተከፈለ። ያኔ ሙደሲር በግንባሩ መታው። አፍንጫው ሲደቅቅ ጂራታ ወደ ኋላ ሄዶ የጥንቸሎቹን ጎጆ ይዞ ወደቀ። ጥንቸሎቹ በደሙ ላይ እየተንሸራተቱ ተበተኑ። ጂራታ ግን እንደገና ተነስቶ የታሰረውን በግ ራሱን ረገጠው፣ ደገመው።

"በቃ! በቃ!" አለ ዶክተሩ። ውጭ መኪና ቆሟል። ቢላውን አንስቶ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ወረወረና ወደ ሙደሲር ጆሮ ተጠጋ። "ጎጆው ወደቀብን፣ ቆርቆሮው ቆረጠኝ ትላለህ። በጉ ደግሞ ከገበያ ትናንት የመጣ ነው፤ ቁስሉ ከባለቤቱ ነው። ይህን ካልክ የቋሚነት ደብዳቤህን ዛሬ እፈርማለሁ። ልጅ አለህ፣ ሙደሲር።"

በሩ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዋ ዶክተር ሀያት ገባች፤ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ወለሉን፣ ጥንቸሎቹን፣ አፍንጫውን ይዞ የተቀመጠውን ጂራታን አየች።

"ምንድን ነው ይህ? አንተ፣ እጅህን ምን ሆነህ ነው?"

"ጎጆው ወድቆበት..." ብሎ ጀመረ ዶክተር ተስፋሚካኤል።

"እሱን ነው የጠየቅሁት።"

ሙደሲር የአፉን ደም ወደ ጎን ተፋ። ልጁ ትዝ አለው፤ የቤት ኪራዩም። ከዚያ በጉ አጠገብ ተንበረከከ፤ ደም በሚያዘንበው እጁ አገጩን ቀና አደረገና በደህናው እጁ ጸጉሩን ከፈለ።

"ለእጄ እንደርሳለን፣" አላት። "መጀመሪያ ይህን ይዩ። ትናንት የመጣ በግ አይደለም፤ እዚሁ ነው የኖረው።"

ከቀትር በኋላ ተቆጣጣሪዋ በጉ አይድንም ብላ በመርፌ ገደለችው፤ ሬሳው ከነቆዳው ተቃጠለ። የእንስሳት ቤቱ ታሸገ። የሙደሲር ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ አልታደሰም።