ባለቤት የሌለው «ነበር»

አባቴ የኔታ ህሩይ ውሸት አያውቁም፤ ቢያውቁማ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ። ከጠዳ ከተማ በላይ ባለው ደብራችን ደን ውስጥ ጎህ ሲቀድ ነብር አየሁ አሉ። ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ኋላ የመንግሥት የዱር እንስሳት ባለሙያ «አልተረጋገጠም፣ አነር ይሆናል» ማለቱን ሲሰማ ሳቀ። አነር ከድመት ትንሽ ከፍ ያለ ዶሮ ሌባ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በመንገድ ሲያልፉ «የኔታ፣ አነርዎ ደህና አደረች?» የሚል አልጠፋም።

እሳቸውም አኮረፉ። «ቃሉ የማይታመን ሰው ማኅሌት አይመራም» ብለው መቋሚያቸውን ጥግ አስያዙት። የደብሩ ንግሥ ደግሞ እሑድ ነው። ያለ እሳቸው ድምፅ ንግሡ ንግሥ አይመስለኝም። ተናድጄ ከምሠራበት ሆስፒታል በቀጥታ ጎንደር ወዳለው ቢሮው ሄድኩና ምስጋናው የሚባለውን ያንን ባለሙያ ያዝኩት።

«ምነው መጥተህ ብታየው?»

«እህቴ ወንጌላዊት፣ ነብር ካልን ከላይ ጥያቄው አያልቅም። ምን ይበላል፣ ማን ይጠብቀዋል ይሉናል። አነር ካልን ግን ማንም አይጠይቅም።»

«እንግዲያው ናና አነርህን አሳየኝ!»

አፈረ መሰለኝ፣ ቅዳሜ በማኪና መጣ።

ሰዉ ለንግሡ ድንኳን ሲተክል እኛ ሦስታችን ወደ ደኑ ገባን። ምስጋናው የአነርና የነብር ነጠብጣብ በምን እንደሚለይ ሲያስረዳን፣ አባቴ በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩ። ከአንድ ሾላ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ረጅም ጭራ ተንጠልጥሏል። ጭራው ተወዛወዘ፤ ከዚያ ፊቱ ወደኛ ዞረ።

«ነብር! ነብር!» ምስጋናው እየጮኸ ቁልቁል በረረ፤ ማኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። እኔ የአባቴን ጋቢ ጨብጬ ቀረሁ፤ ጋቢውን ብለቅ ኖሮ ምስጋናውን እቀድመው ነበር። ነብሩ ጩኸቱ ሰልችቶት መሰለኝ፣ በወዲያ በኩል ወርዶ ሄደ።

ስንመለስ ሰዉ ማኪናውን ከቦታል። የደብሩ ዘበኛ አያ ሰውአገኝ መስኮቱን አንኳኩ።

«ጌታው፣ ነብር አሉ ልበል?»

መስኮቱ ጣት ያህል ወረደ። «ነብር አላልኩም። ‹ነበር› ነው ያልኩት።»

ልፈነዳ ደረስኩ። አባቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰዋስው ያስተማሩ ሰው ናቸውና ፈገግ አሉ።

«ሸጋ። ‹ነበር› ማሰሪያ አንቀጽ ነው፣ ልጄ። ባለቤቱስ?»

ምስጋናው መስኮቱን መልሶ ሊዘጋ ሞከረ።

«ማሰሪያ ያለ ባለቤት አይቆምም። ማን ነበር?»

«…ነብር» አለ፣ ጥያቄ እንደከበደው ተማሪ።

«አያይዘህ በለው።»

«ነብር ነበር።»

ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ሰውአገኝ የአባቴ ጉልበት ላይ ወድቀው «የኔታ፣ ይማሩኝ፣ እኔም ስቄብዎ ነበር» አሉ።

ምስጋናው እዚያው ለአለቃው ደወለ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ፈክቷል። «ነብር ነበር ብዬ ነገርኳቸው። ‹ከነበረማ አሁን የለም ማለት ነው፤ ጉዳዩ ተዘግቷል› አሉኝ።»

ልጮህበት አፌን ስከፍት አባቴ ከት ብለው ሳቁ።

«ተዪው ልጄ፣ ነብሩም ጠያቂ ሳይበዛበት ይኑር። ይልቅ መቋሚያዬን አምጪልኝ፣ ዋዜማው ሊደርስ ነው።»