ወፍራሙ መጋረጃ

መብራቱ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ለቀስተኛው ሁሉ እንደ ልማዱ «ኤጭ!» አለ። ወዲያው ማን ቤት እንደተቀመጠ ትዝ አለው።

«ማንም እንዳይነሳ» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂው። «ጄኔሬተር ተውሼ በረንዳው ላይ አስቀምጫለሁ።»

የሟቹ ሚስት አፏን ከመክፈቷ በፊት መስኮቱ ስር ሞተሩ ተንደቀደቀ። እሳት እንደነካው ሰው ብድግ አለች።

«አጥፋው! አጥፋው አልኩህ!»

«ውጭ እኮ ነው፣ እትዬ!»

«መስኮቱ ስር ነው! ጭሱ ይገባል። ከቤት አርቀው!»

«ገመዱ አጭር ነው።»

«እንግዲያው በጨለማ እናለቅሳለን።»

ሞተሩ ጠፋ፤ አንዲት ሴት ሻማ ለኮሰች። ከበሩ በኩል አንድ ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለመሆኑ ሟቹ ምን ነክቶት ነው ጄኔሬተሩን ቤት ውስጥ ያስነሳው? እንዲያ ያለ አስተዋይ ሰው!» አሉ። ከቀብሩ ጀምሮ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነበር። ከሚስትየው ጎን ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው አራስ ጎረቤቷ አንገቷን ደፋች።

ባልየው ልብስ ሰፊ ነበር። ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ «መርፌ» ይለዋል። መብራት ለቀናት እየጠፋ ሲያስቸግር ጄኔሬተር ገዝቶ ጓሮ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጎ አኖረው። አንድ ቀን አራሷ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ «ጋሽ መርፌ፣ ይሄ ማሽንዎ ልጄን አላስተኛ አለው እኮ!» ብላ ሳቀች።

«ገና ሱሪ ሳልሰፋለት ተጣላኝ?» አለ እሱም እየሳቀ።

በማግስቱ ማሽኑን ወደ ኮሪደሩ አስገባው። ድምፁ እንዳይወጣም ከካፖርት ገበርና ከአሮጌ ብርድ ልብስ ወፍራም መጋረጃ ሰፍቶ በጓሮው በር ላይ ሰቀለ። ጠርዙን ሳይቀር አሳምሮ ዘምዝሞታል። በዚያው ምሽት ሚስቱ እህቷ ዘንድ ልታድር ስትወጣ አጥሩ ጋ ቆማ አዳመጠች። የሞተሩ ድምፅ ምንም አይሰማም።

«ጎበዝ!» አለችው።

ስትመለስ ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ አገኘችው፤ የሙሽራ ቀሚስ እጁ ላይ እንዳለ። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ራሱ ጠፍቷል። ቤቱ ከተለመደው የነዳጅ ሽታ በቀር ምንም አይሸትም ነበር። ትከሻውን ነቀነቀችው፤ «ተነስ እንጂ፣ አንገትህን ያምሃል» አለችው። ሐኪሙ በኋላ፣ «ይህ ከሞተር የሚወጣ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚወስደው» አላት። ቃሉን ሰማችው እንጂ እስካሁን አልገባትም። ሰው በመጋረጃ ይሞታል?

«እትዬ» አለች አራሷ በሹክሹክታ። «ማሽኑን ያስገቡት… በእኔ የተነሳ ነው እንዴ?»

መልሱ የሚስትየው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሕፃኑን አየችው። ሞተሩ ሲጮህ ደንብሮ ነበር፤ አሁን ጸጥታው ውስጥ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

«ሌባ ፈርቶ ነው» አለች።

«ሌባ!» አሉ ሽማግሌው፤ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው ተነፈሱ። «እውነት ነው፣ ዘንድሮ ጓሮ ምን ይተርፋል!»

አራሷ ፊቷን በሕፃኑ ላይ ደፍታ ታለቅስ ጀመር። ሚስትየው ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ቀዝቃዛ አየር ገባ። ከዚያ ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደችና የልጁን እግሮች ጠቅልላ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፈችለት።